ባቡርና ባና፦ የወፍጮ፣ የሱፍና የመንገድ ታሪክ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን

በአማርኛ «ባቡር» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ሥራ አለው። በከተማ ሰው ጆሮ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ማመላለሻ የሚያመለክት ቢሆንም፣ በብዙ የደጋ ገጠር ግን አንዲት እናት እህሏን ባቡር ወሰደች ሲባል ወደ ወፍጮ ቤት መሄዷን እንጂ ወደ ጣቢያ መውረዷን የሚያስብ የለም፤ መኪና የሚያልፍበት ጥርጊያም በአንዳንድ ስፍራ እስከ ዛሬ «የባቡር መንገድ» ይባላል። ቃሉ «እንፋሎት» የሚል ፍቺ ካለው የጣሊያንኛ ቃል ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ አገራችን የገባ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሚያመለክተውም በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስን ማንኛውንም መኪና ነበር። በ1890ዎቹ መጨረሻ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ ሐዲድ ባይኖረውም በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ የተጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ቋንቋው እህል የሚፈጨውንና ጭነት የሚጎትተውን በአንድ ስም መጥራቱ ተራ የስም እጥረት አይደለም፤ ፋብሪካና መንገድ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ሕዝቡ በራሱ ኑሮ ያየው ነገር ነውና። ይህን ዝምድና በግልጽ ከሚያሳዩ የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በአንኮበር ገደልና በደብረ ብርሃን ሜዳ መካከል ያለው ምድር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የምድሩን አቀማመጥ ሳይረዱ ታሪኩን መከተል አይቻልም። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተዘረጋ ብርዳም ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሜዳው በድንገት ያበቃና ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ አንኮበር የተቆረቆረችው በዚህ ገደል አፋፍ ላይ ነው። የበሬሳና የጫጫ ወንዞች ከሜዳው ተነሥተው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ሲፈስሱ፣ ከአንኮበር ሥር የሚወርዱት ጅረቶች ግን ወደ አዋሽ ያመራሉ፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ሸንተረር የውሃ መለያያ ነው ማለት ነው። በዚህ ገደል ላይ ሰውና ከብት ሊወጣባቸው የሚችሉ መተላለፊያዎች ጥቂት በመሆናቸው ሕዝቡ «በር» እያለ ሰይሟቸዋል፤ አንኮበርም ጣርማ በርም ስማቸው በ«በር» የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። የአካባቢው የኢንዱስትሪና የመጓጓዣ ታሪክ በአመዛኙ የእነዚህ የሁለት በሮች ታሪክ ነው።

ከሁለቱ ቀድሞ ገናና የነበረው የአንኮበር በር ነው። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በዐሰል የጨው ሐይቅ አጠገብ አልፎ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው የሲራራ ንግድ መንገድ መዳረሻው አንኮበር ነበር። «ሲራራ» ማለት ነጋዴዎች ለደኅንነታቸው ሲሉ በብዛት ሆነው፣ በመንገድ መሪ እየተመሩ የሚያደርጉት የጋራ ጉዞ ነው። በካፒቴን ዊሊያም ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ በ1833 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ሲመጣ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። ከባሕር ወደ ደጋ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ የመዳብ ዕቃና ጠመንጃ ይመጣ ነበር፤ ከደጋ ወደ ባሕር ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይወርድ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ግን ሰዎችም እንደ ሸቀጥ መነዳታቸው ነው፤ ከአልዩ አምባ ብዙም በማይርቀው በአብዱል ረሱል ገበያ የባሪያ ንግድ ይካሄድ እንደነበረ በጊዜው ያዩት ጽፈዋል። የመንገዱ ታሪክ በክብር ሲነሣ ይህም አብሮ መነሣት አለበት።

ስለዚህ መንገድ ሲታሰብ ልብ ሊባል የሚገባው ዋናው ነገር ጭነቱ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚዛወርበት ቦታ ነው። ግመል ለበረሃው የተፈጠረ ነውና የገደሉን ድንጋያማ ዳገትና የደጋውን ጭቃ አይችለውም፤ ስለሆነም ሲራራው ከገደሉ ግርጌ በምትገኘው በፋሬ ቆሞ ጭነቱ ይራገፍና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ወደ ላይ ይወጣል። የጉምሩክ ኬላውም በዚያው ነበር፤ በሩን የሚጠብቁት ከጥንት ጀምሮ «ወላስማ» በሚል ማዕረግ የሚጠሩት የይፋት ገዢዎች ነበሩ። ዛሬ ኮንቴነር ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ ከባድ መኪና የሚዛወርበት ደረቅ ወደብ የሚሠራውን ሥራ ያን ጊዜ የምትሠራው ፋሬ ነበረች። ዕቃ በሚራገፍበት ቦታ ሰው ይቆያል፤ ሰው የሚቆይበት ቦታ ደግሞ ምግብ፣ ማደሪያ፣ ገመድ፣ ኮርቻና ጨርቅ ይፈልጋል። ከፋሬ ከፍ ብላ በዳገቱ ወገብ ላይ የምትገኘው አልዩ አምባ የንግድ ከተማ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል በንግድና በሽመና የታወቁት አርጎባዎች ይገኙበታል። ጥጡ ከሞቃቱ ቆላ ይመጣል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው በጉድጓድ እግሩን ሰድዶ በሚቀመጥበት መሸመኛ ላይ ይሠራዋል፤ ገበያውም አጠገቡ ነው። ያለ አንዳች ሞተር የሚካሄድ ቢሆንም ጥሬ ዕቃ፣ ባለሙያና ገበያ በአንድ ቦታ የተገናኙበት በመሆኑ የኢንዱስትሪ መንደር ከመባል የሚያንስ አልነበረም።

በላይ በአንኮበርም የራሱ የእጅ ሥራ ነበር። በአካባቢው «ጠቢባን» ይባሉ የነበሩ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ለቤተ መንግሥቱም ለገበሬውም ማረሻ፣ ጦር፣ ቢላዋና ማሰሮ ይሠሩ ነበር። ያለ እነርሱ ማረሻ ማረስ፣ ያለ እነርሱም ምጣድ እንጀራ መጋገር እንደማይቻል እየታወቀ ኅብረተሰቡ «ቡዳ» እያለ ያገልላቸው የነበረ መሆኑ በአገራችን የእጅ ሥራ ታሪክ ውስጥ ካሉት ከባድ በደሎች አንዱ ነው፤ ሙያው ወደ ፋብሪካ እንዳያድግ ካደረጉት ምክንያቶች መካከልም ይህን የመሰለ ንቀት ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል።

የወፍጮው ታሪክ የሚጀምረው ግን ከንጉሡ ጓዳ ነው። የቤተ መንግሥት ግብር፣ ማለትም ንጉሡ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ የሚያበሉት የጋራ ማዕድ፣ በየዕለቱ እጅግ ብዙ ዱቄት የሚጠይቅ ነበር። ይህ ሁሉ ዱቄት የሚወጣው ከሴቶች ክንድ ነው። የእጅ ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ከታች ያለው ሰፊውና ዘንበል ብሎ የሚቀመጠው ወፍጮ ሲባል፣ በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚነዳው ትንሹ ድንጋይ መጅ ይባላል። ፈጪዋ ጎንበስ ብላ ሙሉ የሰውነቷን ክብደት በመጁ ላይ እየጣለች ትፈጫለች፤ ድንጋዩ ሲለሰልስ ደግሞ በሹል ድንጋይ ወይም ብረት ተወቅሮ እንደገና እንዲሻክር ይደረጋል። በቤተ መንግሥት ይህን የሚሠሩት ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ፤ በገበሬው ቤት ደግሞ እናትና ልጆቿ ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥተው ይፈጩ ነበር። ስለ ነገሥታቱ ዘመቻ ብዙ ተጽፏል፤ ዘማቹ በስንቅ ከረጢቱ የያዘው በሶ ከየት እንደመጣ ግን የጻፈ ጥቂት ነው።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ዲሜትሪዮስ የተባለ አልባኒያዊ ባለሙያ የውሃ ወፍጮ ሠራ። ወፍጮው ጥቂት ጊዜ ብቻ ከሠራ በኋላ ካህናቱ የአጋንንት ሥራ ነው ብለው በማውገዛቸው ተትቶ እንደቀረ የሃሪስ ጓድ በመጽሐፍ አስፍሯል። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ የኋላ ቀርነት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ይሰማል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነው። አንደኛ፣ የተጻፈው ስለ አገሩ ካህናት አስቀድሞ መልካም አመለካከት ባልነበረው የውጭ ሰው ብዕር ነው። ሁለተኛ፣ ማሽን ማስገባት ማለት ድንጋይና መዘውር መትከል ብቻ አይደለም፤ ሲሰበር የሚጠግን ባለሙያ፣ ብረት የሚቀርጽ አንጥረኛ፣ ክረምት ሲመጣ የደፈረሰውን ጎርፍ የሚቆጣጠር ግድብና ቦይ ይጠይቃል። አንድ እንግዳ ባለሙያ የተከለው፣ ያለ እርሱም የሚያውቀው የሌለ ወፍጮ ያለ ውግዘትም ቢሆን ዕድሜው አጭር በሆነ ነበር። ሦስተኛውና ምናልባት ዋናው ነገር፣ የፈጪዎቹ ጉልበት ለጌቶቹ ዋጋ የማይከፈልበት መሆኑ ነው፤ ድካሙ የእነርሱ ያልሆነ ሰዎች ድካምን የሚያቀልል መሣሪያ ለማቆየት የሚታገሉበት ምክንያት አልነበራቸውም።

የውሃ ወፍጮ አሠራር ግን ለደጋው ምድር የተመቸ ነበርና ኋላ በብዙ የኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች መስፋፋቱ አልቀረም። ወንዙ ከላይ ተጠልፎ በቦይ ይመጣና ከእንጨት በተቦረቦረ ወይም ከቆርቆሮ በተሠራ አሸንዳ በኃይል ቁልቁል ይወረወራል፤ ውሃው ጋደም ብሎ የተቀመጠውን ባለ መቅዘፊያ መዘውር ሲመታው መዘውሩ ይሽከረከራል፤ ከመዘውሩ ቀጥ ብሎ የወጣው ዘንግ የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል፤ የታችኛው ድንጋይ አይንቀሳቀስም። እህሉ ከላይ ካለው ማንቆርቆሪያ በድንጋዩ መካከል ባለው ቀዳዳ ጥቂት በጥቂት ይገባል፣ ዱቄቱም በዙሪያው ወጥቶ ቋት ውስጥ ይጠራቀማል። ጥርስ ያለው ማርሽ ስለማያስፈልገው በአካባቢው አናጢና አንጥረኛ ሊሠራና ሊጠገን ይችላል፤ ብርታቱም ይኸው ነው። ድክመቱ በበጋ ውሃው ሲያንስ መቆሙ፣ በክረምትም ጎርፍ ቦዩን ማፍረሱ ነው። ከዚህ በኋላ የመጣው በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ወንዝ ዳር መሆን ስላላስፈለገው ወፍጮ ቤቱ ወደ ገበያውና ወደ መኪና መንገዱ ዳር ወጣ፤ ናፍጣውን የሚያመጣለት መኪናው ነውና። ባቡርና መንገድ አንድ ስም መካፈላቸው እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል።

አንኮበር ከመንገዱ ጋር የነበራት ትስስር ምን ያህል ጠንካራ እንደነበረ የሚታየው መንገዱ ሲቀር በደረሰባት ነገር ነው። በ1869 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ተጓዦች ከአንኮበር በታች በምትገኘው በልጥ ማረፊያ የማረፊያና የጥናት ቦታ ሰጡ፤ የጓዱ መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. ሞቶ የተቀበረውም በዚያው ነው። በ1871 ዓ.ም. ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዚሁ በር ገባ፤ ኋላ የአዋሽን ድልድይና የባቡር ሐዲዱን ጉዳይ የያዘው እርሱ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም በ1879 ዓ.ም. አጋማሽ ጠመንጃ የጫነ ሲራራ እየመራ አንኮበር ቢደርስም ንጉሡን በዚያ አላገኛቸውም፤ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሄደዋል፣ አዲስ አበባም በዚያው ዓመት ተቆርቁራለች። በ1890 ዓ.ም. ገደማ ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲደርስ የባሕር ዕቃ ሁሉ ወደዚያው ዞረ። ግመሎቹ በፋሬ መራገፋቸውን አቆሙ፤ የአልዩ አምባ ገበያ የሩቅ ነጋዴን ትቶ የቆላና የደጋ ሰው እህልና ጥጥ፣ በርበሬና ከብት የሚለዋወጥበት የአገር ገበያ ሆነ። አንኮበርን ያዳከማት መናገሻው መነሣቱ ብቻ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይነገራል፤ መናገሻ ያልነበረችው አልዩ አምባም አብራ መቀዝቀዟ ግን ምክንያቱ ከሁሉ በላይ መንገዱ እንደነበረ ያሳያል።

ተራው ከዚያ በኋላ የጣርማ በር ሆነ። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና በኩል ወደ ደሴ የሚያመራው መንገድ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተጀመረ ቢሆንም በክረምት የማያስኬድ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ የሞተር ጓድ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ኢትዮጵያውያን መንገዱን በጣርማ በር ላይ አፍርሰውት ስለነበር ወራሪው መኪናዎቹን አቁሞ ጥገና እስኪያደርግ ድረስ ተገትሯል። በወረራው ዓመታት ጣሊያኖች ከአሥመራ አዲስ አበባ የሚደርሰውን ጥርጊያ ሲያሠሩ የጣርማ በርን ተራራ በስተው 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አወጡበት። ዋሻው በወራሪው መሪ ስም ተሰይሞ የነበረ ሲሆን በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ያ ስም ለረጅም ጊዜ አልተረሳም፤ ይሁንና ተራራውን የፈለፈለው የሠራተኛ ክንድ ነው፤ ዋሻውም እንደ ቅርስ ሲታይ መታየት ያለበት በድንጋዩ ላይ በደከሙት ሰዎች ሥራነቱ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የአገሪቱን ዋና ዋና መንገዶች በኃላፊነት ያዘ፤ የደሴ መንገድም ከእነዚህ አንዱ ነው።

በዚህ አውራ ጎዳና ዳር በ1957 ዓ.ም. የደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው በዚያ የተተከለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከከተማዋ በስተሰሜን የመንዝ አገር አለ። የመንዝ በግ ከብርዱ የተነሣ ወፍራምና ሻካራ ፀጉር የሚያበቅል ሲሆን፣ የመንዝ ሰው ከዚሁ ፀጉር የሚሠራውን ከባድ ልብስ ባና ይለዋል። ፀጉሩ ተሸልቶ በደጋን ይነደፋል፤ ደጋን ማለት በጅማት የተወጠረ ቀስት መሳይ መሣሪያ ሲሆን ጅማቱ ሲነዝር የተቋጠረውን ፀጉር ይፈታታዋል። ሴቶች በእንዝርት ፈትለው ድሩንና ማጉን ያዘጋጃሉ፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ባና ቀን የሚለበስ፣ ሌሊት የሚደረብ፣ በዝናብም የማይበገር ነው። እንግዲህ ፋብሪካው በባዶ መሬት ላይ የመጣ አይደለም፤ ብርድ ልብስን ለዘመናት ሲሠራ በኖረ አገር አጠገብ የተተከለ ነው።

የፋብሪካው ሥራ ከባናው የሚለየው በኃይሉ እንጂ በደረጃው አይደለም። የበጉ ፀጉር ላብና ስብ ስላለበት መጀመሪያ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ በከተማዋ አጠገብ የሚያልፈው በሬሳ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። ቀጥሎ ጥቃቅን የሽቦ ጥርስ ባላቸው ተሽከርካሪ ሲሊንደሮች መካከል አልፎ ይበጠራል፤ ደጋን የሚሠራውን የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። ከዚያም ይፈተላል፣ ይሸመናል። ብርድ ልብስን ከተራ ጨርቅ የሚለየው የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ የተሸመነው ጨርቅ በቀጫጭን የሽቦ ጥርሶች እየተቧጨረ ፀጉሩ እንዲነሣ ይደረጋል፣ በተነሣው ፀጉር መካከል የሚያዘው አየር ነው ሙቀት የሚጠብቀው። «የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ» የሚለው ስም በመላ አገሪቱ የታወቀ መለያ ለመሆን በቅቷል፤ ከተማዋም ለመጀመሪያ ጊዜ በደመወዝ የሚተዳደር የፋብሪካ ሠራተኛ ያገኘችው በዚህ ዘመን ነው። ፋብሪካው በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ሆኖ፣ ኋላም ወደ ግል ተዛውሯል።

የመንዝ በግ ፀጉር ለብርድ ልብስና ለስጋጃ ይስማማል፤ ለቀጭን ልብስ ግን ይሻክራል። ይህን ለማሻሻል በደብረ ብርሃን የበግ እርባታ ማዕከል ተቋቁሞ ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የመሳሰሉ የውጭ ዝርያዎች፣ ኋላም የመካከለኛው ምሥራቁ አዋሲ ከአገሩ በግ ጋር እንዲዳቀሉ ተደርጓል። ዓላማው መጀመሪያ ፀጉር፣ እየዋለ ሲያድር ግን ይበልጡን ሥጋ ሆነ፤ ገበሬው የበጉን ዋጋ የሚያገኘው በበዓል ገበያ እንጂ በፀጉር ሽያጭ ስላልሆነ ይህ የሚያስገርም አይደለም። የሱፍ ነገር በአካባቢው አሁን ይበልጥ የሚታየው በእጅ በሚሠሩት ስጋጃዎች ላይ ነው፤ በተፈጥሮ ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ የሆነው ፀጉር ቀለም ሳይነከር አምሮ ይወጣል።

ደብረ ብርሃን ዛሬ ሌላ መልክ ይዛለች። የቢራ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። አዲሱ ሁሉ የመጣው በዚያው በአውራ ጎዳናው ዳር ነው። በአንጻሩ የቀደመውን ዘመን የሚመሰክሩት ነገሮች ምልክት ሳይደረግላቸው እየጠፉ ነው። በአንኮበር የቤተ መንግሥቱ ጉብታና አብያተ ክርስቲያናቱ ሲጎበኙ፣ ከፋሬ እስከ አንኮበር ያለው የበቅሎ መንገድ ግን እግረኛ በሚያውቀው ልክ ብቻ ይታወቃል፤ የዲሜትሪዮስ ወፍጮ ቆሞበት የነበረውን ዳርቻ የሚያመለክት ድንጋይ የለም፤ በየወንዙ ዳር ተጥለው የሚታዩት የተወቀሩ ወፍጮዎች የአጥር መደገፊያ ሆነዋል። ቅርስ ማለት ዘውድና መስቀል ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ተራ ድንጋይ ነው። የሰው ድካም የዋለበት ነገርም ቅርስ ከሆነ ግን ወፍጮው፣ ደጋኑ፣ ዋሻውና የቀድሞው የብርድ ልብስ መሸመኛ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ እኩል መመዝገብ ይገባቸዋል፤ ወፍጮ የወቀሩት፣ ባና የፈተሉትና ጭነት ያዘዋወሩት ሽማግሌዎችም በሕይወት እያሉ ሙያቸውን እንዲናገሩ መጠየቅ አለባቸው።

በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ የሚያመራው የባቡር ሐዲድ የሰሜን ሸዋን ድርሻ የሚያልፈው በሸዋ ሮቢት በኩል በቆላው ነው። ሐዲዱ የተዘረጋው ከገደሉ በታች፣ የታጁራ ግመሎች ከበረሃው ወጥተው ወደ ደጋው ዳገት ቀና ይሉበት በነበረው በይፋት ቆላ በኩል ነው። ከዚያ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የገደሉ ግድግዳ ከፊቱ ቆሞ ይታያል፤ ጭነት ወደ ደጋው ለማድረስም እንደ ድሮው ሁሉ መውጫው በበሮቹ በኩል ነው።